ሥር ያበቀለው ቀንድ

የወንድሜ ሚስት ስትደውል ሰላምታውን አሳጥራ ጀመረች። እሷ ሰላምታ የምታሳጥረው አንድም ሰው ሲሞት፣ አንድም ከብት ሲጠፋ ነው።

“እታለም፣ ቀንዱ ሥር አበቀለ” አለችኝ።

“የትኛው ቀንድ?”

“የሚነፋው ነዋ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው። ጣት የሚያካክል ሥር ነው ያወጣው። አጎታችሁ አያ አይተው አማተቡ። ጎረቤት ደግሞ የአባታችሁ ጥሪ ነው እያለ ያወራል።”

ሥር የምትለውን ነገር በእንጨት ነካ አድርጋ ያየችውን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። “በስመ አብ” ስትል ሰማሁ፤ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። ውጩ እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል፣ ውስጡ ግን ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለው አለችኝ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

ከሙያዬ ውጭ ላለ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ልብስ የሚበላውን ብል ሁሉም ያውቀዋል፤ የቆየ ሣጥን ሲከፈት ብር ብሎ የሚወጣው ደብዛዛ ነገር እሱ ነው። በደረቅ ቆላና በበረሃ ግን ከጥቂት ሰዎች በቀር ማንም ትኩረት ያልሰጠው ዘመድ አለው። ይህኛው ልብስ አይነካም፤ የሚበላው የሞተ እንስሳ ቀንድ ነው። እንስሳው በውሃ ጥም ወይም በአውሬ ሲሞት ሥጋውን ጅብና አሞራ ይጨርሱታል፤ ቀንዱ ለማንም ጥርስ ስለማይመች ይቀራል። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ላይ ነው። ትሉ ቀንዱን ቦርቡሮ ይገባል፤ ሲያድግ ካኘከው ቀንድና ከራሱ ሐር ጣት የመሰለ ሰገባ ሠርቶ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ በዚያ ሰገባ ውስጥ ተኝቶ ክንፍ ያወጣል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቀንዱ ሥር የሰደደ ይመስላል። የወንድሜ ሚስት ቅንጣት አላጋነነችም።

ይህን ብል ፍለጋ የወጣትነቴን ደህና ዓመታት በበረሃ ፈጅቻለሁ። ያገኘሁት ባዶ ሰገባ ነበር፤ ሁልጊዜም ባዶ ሰገባ። ከዚህ ወገን የሆኑት ዝርያዎች በመልክ ስለሚመሳሰሉ በእርግጠኝነት የሚለዩት ክንፍ ያወጣው ወንድ በማጉያ መነጽር ሥር ሲታይ ነው። ባዶ ሰገባ የማን እንደነበረ አይናገርም። የጥናቱ ኃላፊ የነበረው ሰው የድካሜን ውጤት ባቀረብሁበት ስብሰባ ላይ፣ “እመቤቲቱ በሩን አንኳኩታለች፤ ባለቤቱ ግን ቤት አልነበረም” ብሎ አላገጠ፤ ሰዎቹም ሳቁ። ቀልዱን እስከ ዛሬ ይቅር ያላልሁት ትክክል ስለነበረ ነው። ጥናቱ ተዘጋ። እኔም ወደ ቆሰበር ተመልሼ ስለ ነፍሳት ምንም ማወቅ ለማይፈልጉ ተማሪዎች ስለ ነፍሳት አስተምራለሁ።

ያ ብል አሁን ውርጭ በሚጥልበት ደጋ፣ ወንድሜ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። ሰገባዎቹ ያልተቀደዱ ከሆነ ባለቤቶቹ ገና ቤት ናቸው።

በማግስቱ በሚኒባስ እስከ አዲስ ቅዳም፣ ከዚያም በባጃጅ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ሄድሁ። ቀሪውን በእግሬ፣ ለከሰል በተተከሉ የዲከረንስ ዛፎች መካከል፣ የከሰል ጢስ እየታጠንሁ ወረድሁ። የአባቴ ቤት ዛሬ የወንድሜ ነው፤ መሬቱም፣ ፈረሱም፣ ኮርቻውም እንዲሁ። አባቴ ሲሞት እኔን “ደሞዝተኛ ናት” ብለው በውርሱ አለፉኝ። እንዳልተቃወምሁም አስታውሳለሁ፤ የምቃወመው ነገር ሲኖር በጽሑፍ ማቅረብ ለምጄ ስለነበር፣ በጽሑፍ የሚቀበለኝ አላገኘሁም።

ቀንዱ የአባቴ አልነበረም። አባቴ በዕድሜው ሙሉ የፈረሰኞቹን ጥሪ ይነፋበት የነበረው ቀንድ እሱ ከሞተ በኋላ ተሰንጥቆ ቆጥ ላይ ተጥሏል። በእሱ ቦታ ወንድሜ ከበለስ ቆላ፣ ሜዳ ላይ የተገኘ የአጋዘን ቀንድ አስመጣ፤ ጫፉን ቆርጠው መንፊያ አወጡለት። የሚነፉት የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እኛ አያ የምንለው። በጥር፣ ፈረሰኞች ሁሉ ፈረሶቻቸውን ግላስ የተባለውን የጌጥ ልብስ አልብሰው በሚሰበሰቡበት በዓል፣ የእኛን መንደር ፈረሰኞች ጠርተው የሚያሰልፉ እሳቸው ናቸው። የቤታችን ሕግ ቀንዱን ለሴት አይሰጥም፤ በልጅነቴ ለመንፋት ሞክሬ አባቴ ከእጄ የነጠቀኝን ያህል ምንም ነገር በኃይል ነጥቆኝ አያውቅም።

ቀንዱ ከኮርቻው በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ሰገባዎቹ ከጠመዝማዛው ጎን በተርታ ወጥተው ወደ ታች አዘቅዝቀዋል። የእጅ መብራት አብርቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። ጫፋቸው እንደተደፈነ ነው። የወንድሜ ሚስት በእንጨት ከነካችው በቀር አንዱም አልተቀደደም።

አያ በሩ ላይ ቆመው በአገራችን ቋንቋ፣ በአውንጊ፣ ለወንድሜ፣ “እህትህ የሞተ ሰው ያየች ይመስል ፊቷ ነጣ” አሉት።

“የሞተ አይደለም አያ፤ በሕይወት ያለ ነው” አልሁ በአማርኛ።

“አውንጊው አልጠፋሽም እንዴ? ወረቀት በልቶታል ብዬ ነበር።” መጥተው አጠገቤ ቆሙ። “እሺ ዶክተሯ፣ ምንድን ነው?”

“ብል ነው።”

“ብል ልብስ ነው የሚበላ። ይሄ ቀንድ ነው፤ ጋቢ አይደለም።”

“ይሄኛው ቀንድ ይበላል።”

“ጥርሱን ይባርክለት! የእኔ ዳቦ እንኳ አላኝክ ብሏል።” ወንድሜ ሳቀ። አያ ግን ወዲያው ከሳቁ ወጡ። “ብል ከሆነማ ጥሩ፤ መንፈስ አይደለም ማለት ነው። ነገ የፈላ ውሃ እናጠጣዋለን፤ ያበቃል።”

ይህን ስጠብቅ ነበር። ትሎቹ ከሞቱ የምፈልገው ነገር እንደሚሞት፣ ክንፍ እስኪያወጡ ድረስ ቀንዱን ለእኔ ሰጥተው በሌላ ቀንድ ቢነፉ መልካም እንደሆነ በተቻለኝ ጨዋነት አስረዳኋቸው። ዕድሜ ልኬን የፈለግሁት ይህን ነው አልኋቸው። ዓረፍተ ነገሩ ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ራቁቱን እንደሆነ ታወቀኝ።

“ዕድሜ ልክሽን ትል?” አሉ አያ፣ ሳያሾፉ።

“አዎ።”

“ቀንድ ከቤት ይዛ የምትወጣ ሴት አላየሁም። አባትሽ ቢነሣ ምን ይለኛል?”

“አይነሣም አያ።”

ኋላ አያ የፈረዱት እንዲህ ነው፤ ቀንዱ ከቤት አይወጣም። እስከ በዓሉ ማለዳ የፈላ ውሃ አይነካውም። ማለዳውን ግን ወጡም አልወጡ፣ ውሃው ይፈላል፣ ቀንዱ ይነፋል። “ለትል ብለን በሌላው መንደር ፊት ዲዳ አንሆንም” አሉ። ፍርዱ ከጠበቅሁት የተሻለ ነበር፤ አመሰገንሁና አጎበር ቆርጬ ቀንዱን ከነሚስማሩ ሸፈንሁት። የወንድሜ ሚስት፣ “ሙሽራ አስመሰልሽው” ብላ ሳቀች።

የሚወጡት መቼ እንደሆነ አላውቅም ነበር። በቆላው ሙቀት ፈጥነው ይወጡ ይሆናል፤ በእኛ ብርድ ግን ሰውም ከአልጋው የሚወጣው ተገዶ ነው። ስለዚህ ቀንዱ የተሰቀለበትን ክፍል በከሰል አሞቅሁ። ቤቱን ለቅቄ ላለመሄድ ወስኜ ኮርቻው አጠገብ መደብ ላይ አነጠፍሁ። ወንድሜ በእህቱ ማፈር የጀመረው ያኔ ይመስለኛል፤ ሰዎች ቀንዱን ልታስታምም መጣች እንዳሉት ነገረኝ። የተባለው እውነት ነበር፤ ከሰል ጨመርሁ።

በዓሉ ሲቃረብ ፈተና ለመስጠት ወደ ቆሰበር መሄድ ግድ ሆነብኝ። ለወንድሜ ሚስት የከሰሉን ነገር አስረድቼ፣ አጎበሩን ማንም እንዳይከፍተው፣ የፈላ ውሃ እንዳይቀርበው፣ ከብዙ ጢስ እንዲጠበቅ አደራ አልሁ። ያልኋትን ሁሉ ፈጸመች። ያላልኋት ነገር ግን ነበር።

ስመለስ አጎበሩ በቦታው፣ በሥርዓት ታስሯል። ቀንዱ ያበራል። ቀረብ ስል የለጋ ቅቤ ሽታ መጣብኝ።

በእኛ አገር ለበዓል የተዘጋጀ ነገር ሁሉ ቅቤ ይቀባል። ልጓሙ ይቀባል፣ የኮርቻው ቆዳ ይቀባል፣ ቀንዱም እንዳይሰነጠቅ፣ ድምፁም እንዳይሻክር ይቀባል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ አይቼዋለሁ። አደራ ስል ውሃውን፣ ጢሱንና የሰውን እጅ አሰብሁ እንጂ ደግነትን አላሰብሁም። ሰገባዎቹ ከሥር እስከ ጫፍ በቅቤ ተለስነው፣ ቅቤው በብርዱ ረግቶ፣ እያንዳንዱ እስትንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ተዘግቷል።

“ደርቆ ሲሰነጠቅ ነው ሥር ሥር የሚያወጣው ብዬ” አለች የወንድሜ ሚስት፤ ከኋላዬ ቆማለች። “አሳዘነኝ እታለም። እናንተ ብል ብል ትላላችሁ፤ እኔ የጠማው ነው የመሰለኝ። አጎበሩን መልሼ አስሬዋለሁ ደግሞ።”

“ጥሩ አድርገሽ አስረሻል” አልኋት።

እሷ አለቅሳለሁ ብላ ጠብቃ እንደነበር ፊቷ ይናገራል፤ እኔ ግን ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ እንድትሰጠኝ ጠየቅሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሰገባዎቹን አንድ በአንድ፣ በመጀመሪያ በጨርቅ፣ ቀጥሎ በመርፌ ጫፍ ጠረግሁ። ሥራው ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ ትዕግሥት ደግሞ ከትምህርት ቤት የቀረልኝ ብቸኛ ሀብት ነው። ጥቂቶቹን በምላጭ ከፍቼ አየሁ። ውስጣቸው ያለው ክንፉን ሊያወጣ ደርሶ ነበር፤ የተጣጠፈው ክንፍ በቆዳው ሥር ይታያል። ሞቷል። የሚቀጥለውም ሞቷል። ከዚያ በኋላ መክፈቱን ተውሁ፤ የቀሩት በሕይወት ካሉ የምገድላቸው እኔ እሆናለሁና።

አያ ገብተው ከአጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከሰሉን ጫር ጫር አደረጉት።

“አለቀ ይላሉ” አሉ።

“አላለቀም።”

“ምን ቀረ?”

ቀንዱን አዙሬ ሰፊውን አፉን ወደ ብርሃኑ አሳየኋቸው። ከውስጥ በኩል፣ ጠመዝማዛው በሚጀምርበት ጥግ፣ ሌሎች ሰገባዎች ነበሩ። ቅቤ የቀባው እጅ እስከዚያ አልደረሰም።

አያ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጠመንጃ አፈሙዝ እንደሚመለከት ሰው፣ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። “እዚያ ተደብቀው ነው?” አሉ። “ብልሆች ናቸው።” ከዚያ ቀና ብለው፣ “ማለዳው ማለዳ ነው ግን። ቃሌ ቃል ነው” አሉ።

“አውቃለሁ አያ። አላስለውጥዎትም።”

የቀንዱን አፍ በአጎበር ቁራጭ ደፍኜ በክር አሰርሁት። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ ከሰሉን ብቻ እጠብቅ ነበር። በእነዚያ ቀናት ስለ ስብሰባው፣ ስለሳቁት ሰዎች አሰብሁ ብል ለአንባቢ ደስ ይል ይሆናል። አላሰብሁም። የማስበው ሙቀቱን ብቻ ነበር።

የበዓሉ ማለዳ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነጋ። ወንድሜ ፈረሱን አውጥቶ ግላሱን ሲያለብስ ቃጭሉ ይሰማኛል። ማድቤት ውስጥ ውሃ ተጥዷል። ቀንዱን ከሚስማሩ አውርጄ ወደ በሩ ብርሃን ወሰድሁት። አጎበሩ ባዶ ነበር። የውስጦቹን ሰገባዎች በእጅ መብራት አየሁ፤ አንደኛው ጫፍ ላይ ቡናማ ቅርፊት እስከ ወገቡ ወጥቶ ቆሟል። ብል ከሰገባው ሲወጣ የሚተወው ልብስ ነው። ባዶ ሰገባ አይደለም፤ አሁን የተለቀቀ ቤት ነው። ባለቤቱ ከአጎበሩ አላለፈም፤ ስለዚህ እዚያው ውስጥ አለ።

“ውሃው ፈላ!” አለች የወንድሜ ሚስት ከማድቤት።

“ይቆይ” አልሁ።

አያ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አለንጋ ይዘው ገቡ። “ሰዎቹ ተኮልኩለዋል። ስጪ ልጄ።”

“ከውስጡ አንድ አለ። እስካገኘው ይታገሡኝ።”

“ፀሐይ አይታገሥም።”

“እርስዎ ይታገሡ እንጂ ፀሐይን ማን ለመነ?”

ከውጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ “አያ! ብሉ ፈረስ ተጭኖለት ነው እንዴ የምንጠብቀው?” ብሎ ጮኸ፤ ሰዎቹ ሳቁ። አያ ወደ በሩ ዞረው፣ “ዝም በል አንተ፤ ያንተን ፈረስ ስንት ዓመት ስንጠብቅ ኖረናል” አሉት፤ ከዚያም ጋቢያቸውን ሰብስበው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ቀንዱን በዝግታ አዘነበልሁት። ነፍሳት ወደ ብርሃን ይመጣሉ ይባላል፤ ይህኛው ሲያስቸኩሉት ወደ ጨለማ የሚሸሽ ወገን ነው። ስለዚህ የአፉን አጎበር ፈትቼ በጥላዬ ጋረድሁትና ጫፉን ወደ ፀሐይ አዞርሁ፤ በመንፊያው ቀዳዳ በገባው ብርሃን ምክንያት ከጠመዝማዛው ወደ እኔ ሸሽተው መጡ። ሁለት ነበሩ። የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ፣ የደረቀ ሣር መልክ ያላቸው፣ ራሳቸው ላይ የተንጨባረረ ቢጫ ፀጉር ያላቸው። አንዷ ሆዷ ሰፊ ነው፤ ሌላው ቀጠን ያለ ነው። በጠርሙስ ተቀበልኋቸውና ክዳኑን ዘጋሁት።

“ወጣልሽ?” አሉ አያ።

“ወጣልኝ።”

“ታዲያ ስጪ።”

ቀንዱን አቀበልኋቸው። የፈላ ውሃ ተደፋበት፤ ተወለወለ። አያ በሩ ላይ ሆነው ሲነፉ ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፤ ቀጥሎ ጠራ። ፈረሶቹ ጆሯቸውን አቆሙ።

እኔ ግን ሌላ ችግር ላይ ነበርሁ። ወንዱን ወዲያው ገድዬ ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ የፈለግሁት ማስረጃ በእጄ ነው። ሆኖም አንድ ወንድ አንድ ማስረጃ ነው፤ ሴቷ ከእሱ ጋር ከተገናኘችና ቀንድ ካገኘች ደግሞ ትውልድ ይሆናል። እነዚህ ብሎች ክንፍ ካወጡ በኋላ ብዙ አይቆዩም። የሚያስፈልገኝ ቀንድ ነበር፤ የሚያስፈልገኝም ዛሬ ነበር።

“አያ” አልሁ፤ እግራቸውን እርካብ ላይ አድርገው ሊወጡ ነበር። “የአባቴን ቀንድ ይስጡኝ። ቆጥ ላይ ያለውን፣ የተሰነጠቀውን።”

ወንድሜ ከፈረሱ ላይ ዘወር አለ። “የአባታችንን? ለምን?”

“ሴቷ እንቁላል እንድትጥልበት።”

“በትል ልታስበዪው ነው?” ድምፁ ከፍ አለ። “የአባታችንን ድምፅ?”

“ድምፁን ይዞት ሄዷል” አልሁት። “የቀረው ቀንድ ነው፤ ቆጥ ላይ ከተጣለ ጀምሮ አንድም ቀን አውርደህ አላየኸውም።”

አያ እግራቸውን ከእርካቡ አወረዱ። “ለሴት አይሰጥም” አሉ ቀስ ብለው፤ ሕጉን ለራሳቸው እንደሚያስታውሱ ሁሉ።

“ለእኔ አልጠየቅሁም” አልሁና ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። “ለብሉ ነው።”

ጠርሙሱን ተቀብለው እንደ ቀንዱ ሁሉ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። “ለብል ከሆነስ የሚከለክል ሕግ የለም” አሉ። “አውርጂላት!” የወንድሜ ሚስት ቆጥ ላይ ወጥታ አወረደችው። በአቧራ የተሸፈነ ነበር። በቀሚሷ ልትወለውለው ስትል ቀና ብላ አየችኝና እጇን ሰበሰበች፤ እንዳለ ሰጠችኝ።

በአባቴ ቤት ከነበረው ነገር ሁሉ የደረሰኝ ይህ ነው። የደረሰኝም በብል ስም ነው።

ወንዱ በራሱ ጊዜ ሲሞት ወደ ማጉያ መነጽሩ አቀረብሁት። ያ በበረሃ ስፈልገው የኖርሁት ዝርያ ነበር። መግለጫ ወረቀቱ ላይ ቦታውን ስጽፍ የእኛን መንደር ስም አላስቀደምሁም፤ ከበለስ ቆላ በሰው እጅ የመጣ፣ በደጋ ቤት ውስጥ ክንፍ ያወጣ ብዬ ጻፍሁ። በስብሰባው ላይ ለቀለደው ሰው ፎቶግራፉን ያለ ሰላምታ ልኬለታለሁ፤ ከሥሩ፣ “ባለቤቱ ቤት ነበር” ከሚል በቀር ምንም አልጻፍሁም። እስከ አሁን አልመለሰም። መልሱ ነገሩን አይለውጠውም።

የአባቴ ቀንድ ዛሬ ቆሰበር፣ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ በአጎበር ሥር ነው። ሴቷ ከመሞቷ በፊት እንቁላሏን ጥላበታለች፤ አሮጌ ቀንድ ስለሆነ ግን ትሎቹ ይቀበሉት እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ክፍሉን አሞቃለሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ እርጥበት እሰጠዋለሁ፣ ቅቤ አላስጠጋም። ወንድሜ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ወደዚያ ጠረጴዛ አያይም። አያ ግን ሲደውሉ ከጤንነቴ አስቀድመው፣ “በላው?” ብለው ይጠይቁኛል።

ባለፈው ሰሞን ከስንጥቁ ጠርዝ አጠገብ ቡናማ ዱቄት አየሁ፤ ከዱቄቱ መካከልም የጥፍር ጫፍ የሚያክል ሰገባ ወጥቷል።

“በላው አያ” አልኋቸው።